የልጅ ማስክ፦ ከጨርቅ መረጣ እስከ አጠባ

ለልጅ ማስክ ከመግዛት ወይም ከማሰፋት በፊት ቤት ውስጥ የሚያስለው ማን እንደሆነ ይታይ። አዋቂ ከሆነ የመጀመሪያው ማስክ የእሱ ነው፤ የልጆቹ ቀጥሎ ይመጣል። በሳልና በንግግር የሚወጣው ጠብታ ከአፍ እንደወጣ ትልቅና እርጥብ ስለሆነ ጨርቅ በቀላሉ ይይዘዋል። አየር ላይ ትንሽ ከቆየ ግን ውሃው ይተንና ጠብታው ይደቃል። የደቀቀው ደግሞ በጨርቁ ቀዳዳም ሆነ በጉንጭ በኩል ባለው ክፍተት ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ለአራት ጤነኛ ልጆች ማስክ አድርጎ የሚያስሉትን አያት እንዲሁ መተው ድካም ብቻ ነው።

ማስክ የሚያግዘው በትንፋሽ፣ በሳልና በማስነጠስ ለሚተላለፍ በሽታ ነው፦ ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድ፣ ትክትክ፣ ማጅራት ገትር፣ ቲቢ። ለወባ፣ ለኮሌራ፣ ለእከክና ለትራኮማ ምንም አይሠራም። ኩፍኝ ላይ ደግሞ ከማስክ ብዙ አይጠበቅ። የኩፍኝ ቫይረስ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ስለሚችል የጨርቅ ማስክ አይመክተውም። መከላከያው በ9 እና በ15 ወር የሚሰጠው ክትባት ነው። ልጁ ክትባቱ ካመለጠው ወደ ልብስ ሰፊ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ስንት ዓመት ሲሞላው?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ስለ ኮቪድ ባወጡት መመሪያ ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ማስክ እንዲያደርጉ አይገደዱም። ከ6 እስከ 11 ያሉት የሚያደርጉት እንደ ሁኔታው ነው፤ በሽታው በአካባቢው መሰራጨቱ፣ ልጁ በትክክል አድርጎ ማውለቅ መቻሉ፣ የሚቆጣጠረው አዋቂ መኖሩና ቤት ውስጥ አቅመ ደካማ ሰው መኖሩ ይታያል። 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው እንደ አዋቂ ይቆጠራሉ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ፈጽሞ አይደረግም። አየሩ ቢያጥረው አውልቆ አይጥለውም፤ ተናግሮም አያስረዳም።

እዚህ ላይ ስለ ነጠላና ጋቢ መናገር ያስፈልጋል። ሕፃን በአንቀልባ አዝለው ወይም ታቅፈው በባጃጅ የሚሄዱ እናቶች ለብርዱም፣ ለአቧራውም፣ ለሰው ዓይንም ብለው ፊቱን ይሸፍኑታል። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ አፍና አፍንጫ ላይ ካረፈ ሕፃኑ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል። ለሕፃን የሚበጀው ያዘለችው እናት ራሷ ማስክ አድርጋ የእሱን ፊት ክፍት መተዋ ነው። ነጠላውን ለጥላ ከፈለገች ከግንባሩ በላይ ታድርገው፤ ከአፍንጫው ጋር አይገናኝ። ነጠላ አፍ ላይ ጣል ማድረግም እንደ ማስክ አይቆጠርም። ሽመናው ሳሳ ያለ ነው፤ ጎንና ጎኑም ክፍት ነው። መንገድ ላይ ያለ ምንም ከመሆን ይሻል ይሆናል፤ ከሚያስል ሰው ጋር በተዘጋ ክፍል ለመቀመጥ ግን አትመኑት።

አስም ያለበት ልጅ ሕመሙ በመድኃኒት ከተያዘለት ማስክ ማድረግ ይችላል፤ በሚያፍንበት ሰዓት ግን ይውለቅ። በአእምሮ ዕድገት ውስንነት ምክንያት ራሱ ማውለቅ የማይችል ልጅም አይገደድ። መስማት የተሳነው ተማሪ የሰውን ከንፈር እያየ ስለሚረዳ ከአስተማሪው ፊት ለፊት የሚቀመጥበትንና አስተማሪው ራቅ ብሎ አፉን ሳይሸፍን የሚያስረዳበትን መንገድ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋገሩ።

ጨርቁ

ጥሩ የጨርቅ ማስክ ሦስት ንጣፍ አለው። ከፊት ጋር የሚገናኘው የውስጡ ንጣፍ ምራቅና ላብ የሚመጥ ጥጥ ይሁን፤ ፖፕሊን ወይም ጠበቅ ብሎ የተሸመነ አቡጀዴ ይሆናል። የውጪው ውሃ ቶሎ የማይጠጣ ይሁን፤ ለተማሪ ዩኒፎርም የሚያገለግለው ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ይስማማል። የመሐሉ ያልተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ጨርቅ የሚመስለው፣ ቀለል ያለው የዕቃ መያዣ ከረጢት የሚሠራው ከዚሁ ነው። አዲስና ምንም ያልታተመበት ነጭ ከረጢት ምረጡ፤ ሲሚንቶ፣ ዱቄት ወይም ኬሚካል የያዘውን አትንኩ። ካልተገኘ በምትኩ ሁለተኛ የፖፕሊን ንጣፍ ይግባ። ትንሽ ያንሳል እንጂ ይሠራል።

ጨርቁን ሱቅ ላይ ሳላችሁ በሁለት ነገር ፈትኑት። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጉትና የመስኮቱ ዘንግ ወይም የአምፖሉ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ከታየ ሽመናው ሳስቷል። ቀጥሎ ሦስቱን ንጣፎች ደርባችሁ አፋችሁ ላይ በማድረግ አሥር ጊዜ ተንፍሱ። እናንተን ካስቸገራችሁ ልጁን ያፍነዋል። ጂንስና ወፍራም ካኪ የሚወድቁት በዚህኛው ፈተና ነው። የሚለጠጥ ጀርሲ ደግሞ በመጀመሪያው ያልፍና ፊት ላይ ሲወጠር ቀዳዳው ይከፈታል፤ ስለዚህ ይቅር።

ወርዱ 1.50 የሆነ አንድ ሜትር ጨርቅ የ40 ማስክ አንድ ንጣፍ ይወጣዋል። ለአንድ ቤተሰብ ግማሽ ሜትር ከየዓይነቱ ይበቃል፤ ጎረቤት ተዋጥቶ ቢያሰፋ ደግሞ ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ለእያንዳንዱ ማስክ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ቀጭን ላስቲክ ያስፈልጋል። ለአፍንጫው ደግሞ ለቤት መብራት የሚዘረጋው ነጠላ የመዳብ ሽቦ 8 ሳንቲሜትር በቂ ነው። የፕላስቲክ ልባሱን አትግፈፉት፤ የተራቆተ መዳብ በላብና በበረኪና አረንጓዴ ዝገት ያወጣና ጨርቁን ያበላሻል። ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ ወደ ውስጥ ጠቅልሉ፤ አለበለዚያ በሳምንቱ ጨርቁን በስቶ የልጁን ጉንጭ ይወጋል።

ልክ

የልጅ ማስክ የሚበላሸው በአብዛኛው በልክ ነው። የሰፋ ማስክ በጎን በኩል አየር ያስገባል፤ ወደ ዓይኑ እየወጣ ስለሚያስቸግረውም ልጁ በየደቂቃው በእጁ ይነካዋል። የጠበበ ደግሞ ሲያወራ ከአፍንጫው ይወርዳል። ሜትር ያዙና ሁለት ልክ ውሰዱ። የመጀመሪያው ልጁ አፉን ከፍቶ እያለ ከአፍንጫው አጥንት፣ ከዓይኖቹ ትንሽ ዝቅ ካለው ቦታ፣ እስከ አገጩ ሥር ነው። ማስኩ ሲዘረጋ ይህን ያህል ርዝመት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ከአንዱ ጆሮ ፊት ተነስቶ በአፍንጫው ጫፍ አድርጎ እስከ ሌላው ጆሮ ፊት ነው። የማስኩ ወርድ ከዚህ በየጎኑ በሁለት ጣት ያህል ያንሳል፤ ቀሪውን ላስቲኩ ይሞላዋል።

ሜትር ለሌለው ሰው መነሻ የሚሆን የመቁረጫ ልክ ይኸው፦ ከ6 እስከ 8 ዓመት ወርዱ 15 ቁመቱ 16.5 ሳንቲሜትር፤ ከ9 እስከ 12 ዓመት ወርዱ 16.5 ቁመቱ 17.5 ሳንቲሜትር። የስፌቱ ዳር 1 ሳንቲሜትር በዚህ ውስጥ ተቆጥሯል። ላስቲኩ ለትንሹ 15፣ ለትልቁ 16 ሳንቲሜትር ሁለት ሁለት ይቆረጣል። ይህ ግን መነሻ ብቻ ነው፤ የአንድ ዓመት ልዩነት ያላቸው ወንድማማቾች ፊታቸው እኩል የሆነበት ቤት ብዙ ነው። አንዱን ሰፍታችሁ ሞክሩና ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ቁረጡ።

ስፌት

በእጅም ይሰፋል፤ ነገር ግን በመኪና የተሰፋው ይጠነክራል። በጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢም ሆነ በየሰፈሩ በረንዳ ላይ መኪና ዘርግቶ ለሚሠራ ልብስ ሰፊ ይህን አሳዩት፤ ለአንድ ፍሬ ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድበትም።

1. የጥጡን ጨርቅ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ እጠቡና አድርቁ። ጥጥ በመጀመሪያው አጠባ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተቆረጠ ማስኩ ከተሰፋ በኋላ የውስጡ ንጣፍ አጥሮ የውጪው ይሸበሸባል።

2. ሦስቱን ንጣፎች በእኩል ልክ ቁረጡ። የውጪውንና የውስጡን ጨርቅ የፊት ገጽ ለፊት ገጽ ግጠሙ። ፖሊፕሮፒሊኑን ከውስጡ ጨርቅ ጀርባ ደርቡት።

3. ላስቲኮቹን በሁለቱ ጨርቆች መሐል አስገቡ። የአንዱ ላስቲክ አንድ ጫፍ በግራ ላይኛው ማዕዘን፣ ሌላው ጫፍ በግራ ታችኛው ማዕዘን፤ በቀኝም እንዲሁ። ጫፎቹ ከጨርቁ ዳር ግማሽ ሳንቲሜትር ብቅ ይበሉ፤ የላስቲኩ ሆድ ግን ወደ ውስጥ ይተኛ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሆዱን ወደ ውጪ አድርጎ ከሰፋው ሲገለበጥ ላስቲኩ ማስኩ ውስጥ ይቀራል። ላስቲኩም አይጠማዘዝ።

4. ከዳሩ 1 ሳንቲሜትር ገባ ብላችሁ ዙሪያውን ስፉ፤ በታችኛው ጎን መሐል ላይ 5 ሳንቲሜትር ክፍት ይቀመጥ። ላስቲኩ ያለበት ቦታ ላይ መኪናውን ወደፊትና ወደኋላ ሁለቴ አመላልሱት። ልጅ ማስክ የሚያወልቀው ላስቲኩን እየጎተተ ስለሆነ ቶሎ የሚበጠሰው እዚያ ጋ ነው።

5. ማዕዘኖቹን በመቀስ ቀንጥቡና በክፍቱ በኩል ገልብጡት። ሽቦውን በዚያው አስገብታችሁ እስከ ላይኛው ዳር ግፉትና ከዳሩ 1 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ በሚሄድ ስፌት እዚያው እሰሩት። ሁለቱን የሽቦ ጫፎችም በአጭር ስፌት ዝጉ። አለበለዚያ እየተንሸራተተ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል።

6. ሦስት እጥፋት አድርጉ። እያንዳንዱ 1 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ሲሆን 2 ሳንቲሜትር ጨርቅ ይበላል። እጥፋቶቹ በውጪ በኩል ወደ ታች የሚያዩ ይሁኑ፤ ወደ ላይ ካዩ አቧራና ጠብታ ያጠራቅማሉ። በስፒል ያዙና ቁመቱን ለኩ። ለትንሹ 8.5፣ ለትልቁ 9.5 ሳንቲሜትር መሆን አለበት።

7. ሁለቱን ጎኖች ሁለት ሁለት ጊዜ ስፉና የታችኛውን ክፍት ዝጉ። ስፒል መቅረት አለመቅረቱን በእጃችሁ ዳስሱ።

ማስኩ መሐል ላይ ስፌት አይኑር። ጥልፍ፣ አበባ፣ የልጁ ስም እያሉ በአፉ ትክክል የሚያስጠልፉ አሉ፤ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ የትንፋሽ በር ነው። ስም ካስፈለገ (ደግሞም ያስፈልጋል፣ ልጆች ይለዋወጣሉና) ዳሩ ላይ ባለ ቀለም ክር ይጠቀስበት። ለአንዱ ቀይ፣ ለአንዱ ሰማያዊ ካደረጋችሁ ማንበብ የማይችለውም ይለየዋል።

ከጆሮ ላይ እየወለቀ ለሚያስቸግር ሰዎች ረጅም ክር አስረው አንገት ላይ ያንጠለጥሉታል። እንዲህ አይደረግ። በሚሮጥና በሚወጣ በሚወርድ ልጅ አንገት ላይ ክር ማነቂያ ነው። ሹሩባ ለተሠራች ልጅ ላስቲኩን ከኋላ ከማሰር ይልቅ በ2 ሳንቲሜትር አስረዝሙላት።

የተገዛ የሕክምና ማስክ

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ባለ ሦስት ንጣፍ ማስክ ከጨርቁ የተሻለ ያጣራል፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂ ልክ መሆኑ ነው። የልጅ ልክ የሚባለው 14.5 በ9.5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ የአዋቂው 17.5 በ9.5። የአዋቂው ብቻ ከተገኘ እንዲህ አስተካክሉት፦ በቁመቱ ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ የላይኛው ዳር ከታችኛው ይገናኝ፤ በሁለቱም ጎን ላስቲኩን ከማስኩ ሥር ጥብቅ አድርጋችሁ ቋጥሩ፤ ከዚያ ዘርግታችሁ ከቋጠሮው አጠገብ የተከፈተውን ጎን ወደ ውስጥ አጠፍ አድርጉ። ፊት ላይ ሲሆን የጎኑ ክፍተት ይዘጋል። ላስቲኩን ጆሮ ላይ በስምንት ቅርጽ ማዞር ግን አይጠቅምም፤ ጎኑ እንደ ቱቦ ይከፈታልና።

ባለ ቀለሙ ወደ ውጪ፣ ነጩ ወደ ውስጥ፣ ሽቦው ወደ ላይ ነው። ይህ ማስክ አይታጠብም። በውሃ ሲነካ የሚያጣራው የመሐል ንጣፍ ኃይሉን ያጣል፤ መልኩ ግን አዲስ ይመስላል። አንድ ቀን አገልግሎ ይጣላል፤ ከረጠበ ከዚያም በፊት። ሲጣል ላስቲኩን ቁረጡ፤ ትንንሾቹ ከቆሻሻ ላይ አንስተው ስለሚጫወቱበት ነው። በምድጃም አይቃጠል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠል በ1911 ዓ.ም. ከነበረው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ የቆየ ልማድ ነው፤ ከፕላስቲክ የተሠራ ማስክ እሳት ውስጥ መጨመር ግን የሚያስለውን ልጅ በጭስ ይበልጥ ያስለዋል።

ኤን 95 የሚባለው ጠንካራው ማስክ ተመርምሮ ደረጃ የወጣለት ለአዋቂ ሠራተኞች ፊት ነው። ለልጅ አትግዙለት። መሐሉ ላይ ክብ ቫልቭ ያለበትም አይሁን፤ ቫልቩ የሚወጣውን ትንፋሽ ሳያጣራ ስለሚለቅ የታመመ ልጅ ካደረገው ሌላውን አይጠብቅም።

ማለማመድ

የትምህርት ቤት ጠዋት ላይ በችኮላ የተደረገ ማስክ ከበሩ ሳይርቅ ኪስ ይገባል። ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። የመጀመሪያው ቀን ቤት ውስጥ 5 ደቂቃ፣ ተረት እየሰማ ወይም ቴሌቪዥን እያየ፤ በሁለተኛው 15፣ በሦስተኛው ግማሽ ሰዓት። መስታወት ይሰጠው፤ ፊቱን የማያውቀው ልጅ ይፈራል። ቤት ያላችሁትም አብራችሁ አድርጉ። «አድርግ!» እያሉ ራሳቸው አገጫቸው ላይ ያንጠለጠሉ አባት አይታዘዙም።

ሥርዓቱን በአጭሩ እንዲህ ይማር፦ እጁን ታጥቦ ላስቲኩን ብቻ ይዞ ያደርጋል፤ ሽቦውን በሁለት ጣት አፍንጫው ላይ ይጫናል፤ ከአገጭ ሥር ይጎትታል። ሲያወልቅም ከጆሮ ላይ ላስቲኩን ይዞ ወደፊት፤ ከዚያ እጁን ይታጠባል። ልክ መሆኑን ለማወቅ በኃይል ይተንፍስ። ጨርቁ ወደ ውስጥ ሳብ፣ ወደ ውጪ ነፋ ካለ ጥሩ ነው። ከዓይኑ ሥር ንፋስ ከተሰማው ወይም መነጽሩ ጉም ከያዘ ሽቦው አልተጫነም።

ሲሮጥ፣ ኳስ ሲጫወት፣ ሲበላና ሲተኛ አያደርግም። ላብ ያረጠበው ማስክ አየር አያሳልፍም፤ አያጣራምም። ማስኩን የማኘክ ልማድ ላለው ልጅ ደግሞ ቁጣ አይሠራም፤ ቅያሪው ይብዛ። ጉንፋን ይከላከላል ተብሎ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ ወይም ነጭ ሽንኩርት ማስክ ውስጥ መወተፍም አይጠቅምም። ሽታው አያጣራም፤ የልጁን አፍንጫ ግን ያቃጥለዋል።

ትምህርት ቤት፣ ባጃጅ፣ በዓል

ማስክ የሚያስፈልገው ሰው በተጠጋጋበትና አየር በማይንቀሳቀስበት ቦታ ነው። ጎንደር ላይ ከማራኪ ወደ ፒያሳ ወይም ከአዘዞ ወደ መሐል ከተማ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ክረምት መስኮት ተዘግቶ፣ አዎ። ሜዳ ላይ ለሚጫወቱ ልጆች አይደለም። ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ቢሆንም ቦታው ክፍት ነው። እዚያ ለሚያስል ልጅ ቤት መቅረት ይበጃል፤ ለጤነኛው ከሕዝቡ መሐል ይልቅ ዳር ይዞ መቆም። ወደዚያ የሚወስደው የታጨቀ መኪና ግን ከሜዳው የበለጠ ያሰጋል።

ክፍል ውስጥ ከማስኩ በፊት መስኮት ይከፈት፤ በአንድ ጎን ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊት ባሉት በሁለቱም። የኅዳርና የታኅሣሥ የጎንደር ጠዋት ይቀዘቅዛል፤ ሁሉንም መክፈት ካልተቻለ በየጎኑ አንድ አንድ መስኮት ለግማሽ ያህል ተከፍቶ ይዋል፤ በየዕረፍቱ ደግሞ ሁሉም ይከፈት። ልጁን ሹራብ አልብሱት።

ተማሪ በቀን ሁለት ማስክ ይዞ ይሂድ፤ አንዱ ፊቱ ላይ፣ አንዱ ለቅያሪ። ሁለት የጨርቅ ከረጢት አብሮ ይሰፋለት፣ አንዱ ለንጹሑ፣ አንዱ ላደፈው። ምሳ ሲበላ ማስኩን በውስጥ በኩል ለሁለት አጥፎ ከረጢቱ ውስጥ ይከተዋል፤ ዴስክ ላይ ወይም ከዳቦው ጋር ምሳ ዕቃ ውስጥ አይደለም። ፌስታል ውስጥ ከቆየ እርጥበቱ ስለማይወጣ ይሸታል፤ ይሻግታልም።

የአብነት ተማሪዎች ጉዳይ ለብቻው ይታሰብ። ብዙ ልጆች በአንድ ጎጆ ያድራሉ፤ ዜማና ንባቡም በከፍተኛ ድምፅ ነው፤ በከፍተኛ ድምፅ ማዜም ደግሞ ዝግ ብሎ ከማውራት የበለጠ ጠብታ ይረጫል። እዚህ ማስክ ሦስተኛ ነው። አንደኛው ትምህርቱ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም ደጅ ላይ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ የቆየውም ልማድ ይህንኑ ይደግፋል። ሁለተኛው የሚያስለው ልጅ የሚያድርበትን ቦታ መለየት ነው። ማስክ በእርዳታ የሚሰጥ ሰው ለእያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ ሁለት ሁለት፣ ክሩ የተለየ፣ ሳሙናም ጨምሮ ይስጥ። አንድ አንድ ከተሰጠ ማጠቢያ ጊዜ የለውም፤ ለሳምንት ሳይወልቅ ይከርማል።

አጠባ

ማስክ በየቀኑ ይታጠባል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሸክም መሆኑ ይገባናል፤ ነገር ግን ለስድስት ማስክ አምስት ሊትር ይበቃል። ማታ ማታ ሰብስባችሁ በአንድ ጊዜ እጠቡ። በአንድ ሊትር ተኩል ሙቅ ውሃ ከሳሙና ወይም ከኦሞ ጋር እሹ፤ እጥፋቶቹን ከፍታችሁ። በሌላ አንድ ሊትር አለቅልቁ። ከዚያ በቀረው ውሃ ድስት ውስጥ ቀቅሉት። አንድ ደቂቃ መንተክተኩ ይበቃል፤ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 93 ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ እስከ 5 ደቂቃ ብታቆዩት ጉዳት የለውም። የመቀቀያው ውሃ አይደፋ፤ ሲቀዘቅዝ ወለል ይወለወልበት።

ማገዶ ካጠረ በረኪና መጠቀም ይቻላል። መለያው ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ። በሳሙና የታጠበውን ማስክ ለአንድ ደቂቃ ነክራችሁ ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። በረኪናውን ማብዛት አያስፈልግም፤ ሲበዛ ላስቲኩን ያደርቃል፣ የልጁን አፍንጫና ጉሮሮ ይቆጣል። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። በረኪናው ለወራት ፀሐይ ላይ የቆየ ከሆነ ኃይሉ ስለቀነሰ አትመኑት።

ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጥጥ በአንድ ቀን ስለማይደርቅ ለክረምቱ ለአንድ ልጅ ከሦስት ይልቅ አምስት ማስክ ያስፈልገዋል። ማድ ቤት ጭስ ላይ የደረቀውን ልጅ አያደርገውም፤ አይፈረድበትም። ካውያ ሲባል ደግሞ ጥንቃቄ። የመሐሉ ፖሊፕሮፒሊን ለጥጥ በሚሆን ሙቀት ይቀልጣል። የፍም ካውያ ሙቀቱ ስለማይታወቅ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ቀለል አድርጉ፤ ቢቀር ደግሞ ምንም አይጎድልም። የቀለጠው ቦታ እንደ ፌስታል ይደርቅና አየር አያሳልፍም።

ልጁ ሲታመም

ያሳለው ልጅ ትምህርት ቤት አይሂድ። ዕድሜው ከደረሰና ከቻለ አቅመ ደካማ ወይም ሕፃን ካለበት ክፍል ሲገባ ማስክ ያድርግ፤ ለብቻው ሲተኛ አያስፈልግም። ትንፋሹን ግን ቁጠሩ፤ ሳያለቅስና ሳይሮጥ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መጠጣት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን አይደር። በመንገድ ላይ ለእሱ ማስክ አታድርጉለት፤ የያዘው ሰው ያድርግ።

2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለአዋቂም ለልጅም የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። ልጆች ቲቢ የሚይዛቸው ብዙውን ጊዜ ከቤት አዋቂ ነው። አዋቂው መታከም በጀመረበት ወቅት የሕክምና ማስክ ማድረጉ፣ መስኮት ተከፍቶ ለብቻው መተኛቱና ከ5 ዓመት በታች ያሉት ልጆች ተመርምረው የመከላከያ መድኃኒቱን መጀመራቸው አብረው መሄድ አለባቸው። ቡና ሲፈላም በሩ ተዘግቶ በዕጣን ጭስ ውስጥ ልጆቹን ከሚያስል ሰው ጋር ማስቀመጥ ለዚያ ጊዜ ይቅር፤ ረከቦቱ በረንዳ ላይ ይዘርጋ።

የጨርቅ ማስክ ዕድሜው አያልቅም ብላችሁ አትያዙት። በየሳምንቱ ወደ ብርሃን አሳዩት። አምፖሉ መታየት ከጀመረ፣ ላስቲኩ ተለጥጦ ካልተመለሰ ወይም ሽቦው ከተሰበረ ከላስቲኩና ከሽቦው ደህና የሆነውን አውጥታችሁ ለሌላ አስቀሩና ጨርቁን ለዕቃ ማጽጃ አድርጉት። ልጁ ካደገ ደግሞ ለታናሹ ከመሰጠቱ በፊት ይቀቀል፤ ክሩም ይቀየር።